የሆስፒታል ሠራተኛ ስልኩን በምን ያጽዳ? አልኮል፣ በረኪና፣ ዩቪ ሳጥን፣ ላስቲክና ሎከር ሲነጻጸሩ

በድሬዳዋ (ድሬ) ድል ጮራና ሳቢያንም ሆነ በሐረር ሕይወት ፋናና ጁገል ሆስፒታሎች ስልክ የሥራ ዕቃ ከሆነ ቆይቷል። የመድኃኒት መጠን ይሰላበታል፣ የኤክስሬይ ፎቶ በቴሌግራም ለሲኒየር ይላክበታል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ «ሲስተር፣ እስቲ ባትሪ አብሪልኝ» ይባልና በስልክ ብርሃን ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ይገባል። ይኸው ስልክ ዲውቲ ሲያልቅ በባጃጅ ቤት ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ አንዱ እጅ ጫት ሲቀነጥስ ሌላው ስክሪኑን ይነካል፣ ትንሽ ቆይቶ እጆቹ ይለዋወጣሉ። ከዋርድ እስከ አፍ ያለው መንገድ ይህን ያህል አጭር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና በምሥራቅ ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ስልክ ላይ የተሠራ ጥናት ከአሥር ስልኮች ከዘጠኝ በሚበልጡት ላይ ባክቴሪያ አግኝቷል። አብዛኛው በቆዳችን ላይ የሚኖረው ኮአጉሌዝ ኔጌቲቭ ስታፊሎኮከስ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙም አይከፋም፣ ያለጊዜው በተወለደ ሕፃንና ካኑላ በገባለት ሕመምተኛ ላይ ግን ይከፋል። ይበልጥ የሚያሳስቡት ስታፍ ኦሪየስ፣ ክሌብሲየላ፣ ሱዶሞናስና አሲኔቶባክተር ናቸው። ስታፍ ኦሪየስና አሲኔቶባክተር በደረቅ ዕቃ ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያሉ። ስለዚህ የድሬ ደረቅ ሙቀት ስልኩን ያጸዳዋል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ለቸኮለ አንባቢ ፍርዳችንን እናስቀድም። ለተራ ዋርድ፣ ለኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) እና ለድንገተኛ ክፍል የሚሻለው 70 በመቶ አልኮል በጎዝ ነው። ለጨቅላ ሕፃናት ክፍልና ለኦፕሬሽን ክፍል ስልኩን ውጭ መተው ይቀድማል። ዚፕ ያለው ላስቲክ ለአይሶሌሽን (ተላላፊ ሕመም ያለበት ለብቻው የሚተኛበት) ክፍል ይሆናል። በረኪና ለስልኩ አይሆንም፣ ለከቨሩ ግን ይሆናል። ዩቪ ሳጥን (በዓይን በማይታይ ብርሃን ጀርም የሚገድል) አሁን ባለን የመብራት ሁኔታና አሁን ገበያ ላይ ባሉት ዕቃዎች ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ አይደለም።

70 በመቶ አልኮል

ብዙ ሰው 96 በመቶው ይበረታል ብሎ ያንኑ እንዳለ ይጠቀማል። ስህተት ነው። አልኮል ጀርምን የሚገድለው ፕሮቲኑን አበላሽቶ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ውኃ ያስፈልገዋል። 96 በመቶው ያለው ውኃ በጣም ጥቂት ስለሆነ የጀርሙን ውጭ አድርቆ ይተንናል፣ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ጊዜ አያገኝም። ከ60 እስከ 80 በመቶ ያለው መጠን ይሠራል፤ 70 ለመበጥበጥም ለማስታወስም ይቀላል።

1 ሊትር ለማዘጋጀት 96 በመቶ ኢታኖል 730 ሚሊ ሊትር ይለኩ፤ ያለዎት 97 በመቶ ከሆነ 722 ይበቃል። ከዚያ ዲስቲልድ ውኃ እስከ 1000 ምልክቱ ድረስ ይሙሉ። «730 ካለ 270 ውኃ ልጨምር» አይባልም፤ አልኮልና ውኃ ሲቀላቀሉ መጠናቸው ስለሚቀንስ መሙላት ያለብን እስከ መስመሩ ነው። ዲስቲልድ ከሌለ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ይሆናል፣ ግን የድሬ የቧንቧ ውኃ ኖራ ስለሚበዛበት ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ለማንደጃ የሚሸጠው ቀለም የገባበት አልኮል ለዚህ ሥራ አይሆንም። የቤት አረቄም እንዲሁ፣ ብዙውን ጊዜ ከ50 በመቶ በታች ስለሆነ መዓዛው እንጂ ኃይሉ አይደርስም።

አጠራረጉ እንዲህ ነው። ስልኩን ከቻርጀር ይንቀሉ፣ ያጥፉ ወይም ስክሪኑን ይቆልፉ፣ ከቨሩን ያውልቁ። ስክሪኑን ወደ መስኮት አዘንብለው ይዩት። የጣት ቅባትና የጆሮ ላብ ደመና መስሎ ይታያል። ያ ቅባት ካለ መጀመሪያ በትንሽ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ይነሳ፤ አልኮል በቅባት ሥር ያለውን በደንብ አያገኝም። ቀጥሎ በአራት የታጠፈ ጎዝ ላይ 3 ሚሊ ሊትር ያህል አልኮል ያድርጉ፤ በመርፌ ሲሪንጅ አንዴ ቢለኩት ዓይንዎ ይለምደዋል። ጎዙ ሲጨመቅ ጠብ የማይል መሆን አለበት። በስክሪኑ ይጀምሩ፣ ጎዙን ገልብጠው ጀርባውን፣ እንደገና ገልብጠው ጠርዙንና የድምፅ ቁልፎቹን ይጥረጉ። በአንድ ፊት ሁሉንም መጥረግ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ማስተላለፍ ነው። የቻርጀር ቀዳዳውንና ስፒከሩን በዙሪያቸው ብቻ ይለፉ። ጥጥ አይመከርም፤ ቃጫው ስፒከሩ ወንፊት ላይ ይቀራል።

ላዩ እርጥብ ሆኖ 30 ሰከንድ ቢቆይ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና አየሯ ቀዝቀዝ ስለሚል አልኮሉ በዝግታ ይደርቃል። ድሬ ግን በ35 ዲግሪ ሙቀት፣ በዚያ ላይ ቬንትሌተር እየነፋ፣ ስክሪኑ ተጠርጎ ሳያልቅ ጫፉ ይደርቃል። ቬንትሌተሩን አጥፍቶ ወይም ጀርባ ሰጥቶ መጥረግ፣ ቶሎ ከደረቀም ሁለተኛ ዙር መድገም ያስፈልጋል። ብዙ አልኮል ማፍሰስ መፍትሔ አይሆንም፤ ትርፉ በስክሪን ፕሮቴክተሩ ጠርዝ ገብቶ ማጣበቂያውን ያነሳዋል፣ በተሰነጠቀ ስክሪን በኩል ደግሞ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

በቁልፍ የሚሠራ ስልክ ያላቸው ጥበቃዎች፣ የጽዳት ሠራተኞችና ፖርተሮች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። የነሱ ስልክ ለመጥረግ ይከብዳል፤ በቁልፎቹ መካከል ያለው ጉድጓድ ቆሻሻ ይይዛል። ጎዙን አጥፎ በማዕዘኑ በየረድፉ መሳብ ነው፣ 2 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ወጪውን እናስላ። 20 ሠራተኛ ያለው ዋርድ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ3 ሚሊ ሊትር ቢጠርግ 120 ሚሊ ሊትር ነው። 1 ሊትር ስምንት ቀን ያህል ይሄዳል። በወር 4 ሊትር ማለት ነው፤ ለእጅ ማሻሻ ከሚወጣው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

አልኮል ስልኩን አይጎዳም ወይ? አፕል ለአይፎን 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ያለበትን መጥረጊያ ይፈቅዳል፣ በረኪናና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበትን ግን ይከለክላል። በየቀኑ ከተጠረገ ግን የጣት አሻራ እንዳይዝ መስታወቱ ላይ ያለው ቅብ ቀስ በቀስ ይሳሳል። መላው የመስታወት ፕሮቴክተር መለጠፍ ነው፤ የሚያልቀው እሱ ይሆናል፣ ሲያልቅም ይቀየራል።

አደጋው እሳት ነው። 70 በመቶ አልኮል ተን አውጥቶ ለመቀጣጠል 17 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል፤ ድሬ ክፍል ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚህ በላይ ነው። በሚረጭ ጠርሙስ በአየር ላይ አይንፉት፣ በኦክስጅን አጠገብ፣ በሚሰካ ቻርጀር አጠገብ፣ ዕጣንና ከሰል ባለበት አይጠቀሙ። ስልኩም ሳይደርቅ ቻርጅ አይደረግ።

ሳኒታይዘር በስልክ ላይ መቀባትም ተለምዷል። የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ ማሻሻ ቀመር ቆዳ እንዳይደርቅ 1.45 በመቶ ግሊሰሮል አለበት። እጅ ላይ ጥሩ ነው፣ ስክሪን ላይ ግን ተጣባቂ ሽፋን ሆኖ አቧራ ይሰበስባል። የሕፃናት እርጥብ ሶፍት ደግሞ አብዛኛው አልኮል የሌለበት ነው፤ ቆሻሻ ያነሳል፣ ጀርም ይገድላል ተብሎ አይታመንም። እውነተኛው የአልኮል ዋይፕስ ምቹ ነው፣ ግን ክዳኑ ተከፍቶ በድሬ ሙቀት ካደረ የላይኞቹ ደርቀው ይገኛሉ። የደረቀ ዋይፕ ወረቀት ነው።

በረኪና

0.5 በመቶ ክሎሪን፣ ማለትም 5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ፣ በየዋርዱ ባልዲ ውስጥ ስላለ እጅ ቶሎ ወደዚያ ይሄዳል። ጀርም በመግደል አቅሙ አልኮልን ይበልጣል፤ አልኮል የማይነካቸውን ስፖሮችም (ጠንካራ ሽፋን ለብሰው የሚቆዩ ጀርሞችን) ይገድላል። ስልክ ላይ ግን ብረቱን ይበላል፣ የቻርጀር መግቢያውን ጥርሶች ያዝጋል፣ የመስታወቱን ቅብ ይገፋል፣ ሲደርቅም ጨው ይተዋል። ጉዳቱ በቀኑ አይታይም፤ ቆይቶ ስልኩ «ቻርጅ አልይዝ አለኝ» ተብሎ ጥገና ቤት ይሄዳል፣ ምክንያቱም አይታወቅም።

የበረኪና ቦታው ከቨሩ ነው። ደም ወይም ፈሳሽ ስልኩ ላይ ከተረጨ ጓንት ያድርጉ፣ ከቨሩን አውልቀው በ0.5 በመቶው ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይንከሩ፣ በውኃ ያለቅልቁ፣ ያድርቁ። የስልኩን አካል በሳሙና በረጠበ ጎዝ ደሙ እስኪለቅ ይጥረጉ፣ ከዚያ በአልኮል ሁለት ጊዜ ይለፉ። ጎዙና ጓንቱ ወደ ተላላፊ ቆሻሻ ይገባሉ። የተበጠበጠ ክሎሪን በሙቀትና በብርሃን ኃይሉን ስለሚያጣ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ማዘጋጀት ነው። የትናንቱ ባልዲ ሽታ ስላለው ብቻ አይታመንም።

ዩቪ ሳጥን

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ኬሚካል የለም፣ ጠረጋ የለም። 254 ናኖሜትር ገደማ ያለው ዩቪ-ሲ ብርሃን የጀርሙን ዘረመል ያበላሻል። ግን ብርሃን በቀጥታ ካላገኘው አይሠራም። በከቨሩ ጠርዝ ሥር፣ በካሜራው ዙሪያ፣ በቁልፎች መካከል ጥላ አለ። የጣት ቅባት ራሱ ብርሃኑን ይውጣል፣ ስለዚህ ከሳጥኑ በፊት መጥረግ የግድ ነው። መጥረግ ካልቀረ ሳጥኑ ምን ቀነሰልን? ስልኩ ተራ መስታወት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ከታች ያለው መብራት ከንቱ ነው፤ ተራ መስታወት ዩቪ-ሲን አያሳልፍም።

ገበያው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሐምራዊ መብራት የሚያበራ ሁሉ ዩቪ-ሲ አይደለም። 395 ወይም 405 ናኖሜትር የተጻፈበት ሐሰተኛ ብርን ለማየት የሚጠቅም ዓይነት ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ስልክ ያጸዳል ማለት አይቻልም። ዓይን ልዩነቱን አይለይም፤ ዩቪ-ሲው ራሱ አይታይም፣ የሚታየው አብሮት የሚወጣው ሰማያዊ ነው። መብራቱ ሲያረጅም ሰማያዊው እየበራ የሚገድለው ኃይል ይቀንሳል። ክዳኑ ሲከፈት የማይጠፋ ሳጥን ደግሞ ፈጽሞ አይገዛ፤ ዓይንን ይለበልባል፣ ሕመሙና መቅላቱ ከሰዓታት በኋላ ስለሚመጣ ሰውየው ከምን እንደመጣ አያውቀውም። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ሳጥኑ በቆመበት ሰዓት ስልኮቹ ሁሉ ሳይጸዱ ይውላሉ።

ሞገዱ በሰነድ የተረጋገጠ፣ ከሁሉም አቅጣጫ የሚያበራ፣ ክዳኑ ሲከፈት የሚጠፋ ሳጥን በእርዳታ ከተገኘ ከጠረጋ በኋላ እንደ ጭማሪ ይጠቀሙበት። በበጀት ለመግዛት ግን ከፊቱ የሚቀድም ብዙ ነገር አለ።

ላስቲክ

ዚፕ ያለው ግልጽ ላስቲክ ውስጥ የገባ ስልክ ስክሪኑ ሲነካ ይሠራል፣ ድምፁ ትንሽ ይታፈናል፣ ካሜራው ደብዘዝ ይላል። ጥቅሙ የሚታየው አተት ሲገባና ብዙ መድኃኒት የለመደ ጀርም ያለበት ሕመምተኛ አይሶሌሽን ሲያዝ ነው። ላስቲኩ ሲወጡ ይጣላል፣ ስልኩ ቀድሞ እንደነበረ ይቀራል።

የሚበላሸው አወጣጡ ላይ ነው። የላስቲኩን ውጭ በያዘ እጅ ስልኩን መዞ ማውጣት ድካሙን ሁሉ ያፈርሰዋል። ዚፑን ይክፈቱ፣ ላስቲኩን ወደ ታች ዘቅዝቀው ስልኩ በተጠረገ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፣ ላስቲኩን ወደ ተላላፊ ቆሻሻ ይጣሉ፣ እጅ ይታሹ፣ ከዚያ ስልኩን ያንሱ። በድሬ ሙቀት ስልኩ ላስቲክ ውስጥ ሲሰራ ይግላል፣ ላብም ይይዛል፤ ከአንድ ፈረቃ በላይ አይቆይበት። አንዱን ላስቲክ ለሳምንት መጠቀም ከቆሸሸ ከቨር አይለይም። ላስቲኩ ስቴራይል ስላልሆነም ኦፕሬሽን ጠረጴዛ አጠገብ አይጠጋ።

ሎከርና የዋርድ ስልክ

ስልኩን ሎከር ውስጥ መተው ከሁሉም የተሻለ መከላከያ ነው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚጣሰውም እሱ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ባትሪው፣ ካልኩሌተሩ፣ ሰዓቱና የሲኒየሩ ቁጥር ስልኩ ውስጥ ናቸው። ሕጉን ለማስከበር የፈለገ ኃላፊ እነዚህን አስቀድሞ ይተካ። የግንባር ባትሪ ሁለት፣ ግድግዳ ላይ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ ተራ ካልኩሌተር፣ የዶዝ ሠንጠረዥ በላሚኔሽን። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ እነዚህ ካሉ ስልክ የሚያስገባ ምክንያት አይቀርም።

«ለሁሉም አንድ የዋርድ ስልክ ይኑር» የሚለው አማራጭ የግል ስልኮችን ቁጥር ይቀንሳል፣ ግን አንዱ ስልክ የሁሉም እጅ መገናኛ ይሆናል። የሚሠራው የሚያስረክብ ጠርጎ፣ የሚረከብም ጠርጎ ከሆነ ብቻ ነው። ጎዝና አልኮሉ ከስልኩ ጋር በአንድ ትሪ ላይ ካልተቀመጡ ማንም አይጠርግም። እግረ መንገዳችንን፣ ነርስ ስቴሽን ላይ ያለው የመስመር ስልክ እጀታ መቼ ተጠርጎ ያውቃል?

ከቨሩ

እንደ ቦርሳ የሚታጠፍ የቆዳ ከቨር ለሆስፒታል ሠራተኛ አይሆንም። አልኮል ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ስፌቱ እርጥበት ይይዛል፣ በኪሱ ውስጥም የብር ኖቶችና የባጃጅ መልስ ይታጨቃሉ። ጠንካራው ፕላስቲክ በአልኮል ብዛት በማዕዘኑ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ቆሻሻ ይይዛል። ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ሲገዙ ለስላሳ፣ የሚለመጥ፣ ግልጽ፣ ጌጥና ቀለበት የሌለበት፣ ውስጡ ጨርቅ ያልተለበጠ ይምረጡ። ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ርካሽ ነውና ይቀይሩት።

መቼ መቼ

ቢያንስ ፈረቃ ሲጀመር፣ ምሳ ወይም ጫት ከመያዝ በፊት፣ ከሆስፒታሉ ሲወጡ። ሕመምተኛ እያዩ ስልክ ከነኩ ደግሞ ወደ ሕመምተኛው ከመመለስ በፊት እጅ ይታሻል፤ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ እስኪደርቅ። ስልክ ጠርጎ እጅ ሳይታሹ መቀጠል ዋጋ የለውም፣ የመጀመሪያው ንክኪ ይመልሰዋል። ሐረር ውስጥ ውኃ በተቋረጠ ቀን የእጅ ማሻሻው ብቻውን ይበቃል፣ እጁ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ወይም ደም ከሌለው። ጓንት ባለበት እጅ ስልክ አይነካ። ጥሪው ካስቸኮለ ጓንት የሌለው ሰው ስፒከር ላይ አድርጎ ይያዝልዎ።

ሥራው ውጤት ማምጣቱን ለማየት የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ያለበት ቦታ ቀላል ዘዴ አለ። በኖርማል ሳላይን የረጠበ ስዋብ በስልኩ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ቦታ ላይ እያዞሩ ያሹ፣ ብለድ አጋርና ማክኮንኪ በሚባሉት የባክቴሪያ ማብቀያዎች ላይ ይቀቡ፣ በ37 ዲግሪ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያቆዩ። ያው ስልክ ከተጠረገ በኋላ ከመጀመሪያው ጎን ካለ ቦታ እንደገና ይወሰድ። ማክኮንኪ ላይ ከጠረጋ በኋላም ከበቀለ ሠራተኛውን ከመውቀስ በፊት ጠርሙሱን ይፈትሹ። ክዳኑ ክፍት ከዋለ ከውኃው ይልቅ አልኮሉ ይተንናል፣ 70 ተብሎ የተጻፈበት ከ60 በታች ሊወርድ ይችላል። በአልኮል መለኪያ ሲለኩ መለኪያው ብዙውን ጊዜ ለ20 ዲግሪ የተሠራ መሆኑን ያስታውሱ። በድሬ ክፍል ሙቀት፣ 30 ዲግሪ ላይ፣ ከእውነተኛው በ3 ወይም በ4 ነጥብ ከፍ አድርጎ ያሳያል። መጀመሪያ ጠርሙሱን ዘግተው በቀዝቃዛ ውኃ ባልዲ ውስጥ አቁመው 20 ዲግሪ ሲደርስ ይለኩ።